ከነፋሱ ጋር የሄደችው ብስክሌተኛ

የሲሀም አስከሬን የተገኘው ሁለቱን የቀርቀና ደሴቶች ከሚያገናኘው ድልድይ ሥር፣ ውኃው ከሰው ጉልበት በማያልፍበት ስፍራ ነበር። የኦክቶፐስ ማጥመጃ ማሰሮዎቹን ሊፈትሽ በማለዳ የወጣ ሽማግሌ ከሩቅ ሲያያት ነፋስ የጣለው ሸራ መስሎት ነበር። ቀረብ ሲል ፀጉሯን አየና የያዘውን ማሰሮ ከእጁ ለቀቀው።

ነዚሃ ትሪኪ ወሬውን ሰምታ በብስክሌት ደረሰች። ወደ አምሳ የተጠጋች፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም ሴት ናት፤ ከባሕሩ ማዶ ባለችው በስፋክስ ከተማ ፖሊስ የግድያ መርማሪ። አለቃዋ ቢሮዋ ውስጥ ሶፋ ላይ ተኝታ አግኝቷት «ሂጂና እረፊ፤ ሳልጠራሽ ፊትሽን እንዳላየው» ብሎ ስላባረራት፣ ብስክሌቷን መርከብ ላይ ጭና ብቻዋን ወደ ደሴቲቱ ተሻግራ ነበር። ዕረፍቱ ግን እንቢ አላት። ስትቀመጥ መነሳት ያምራታል፤ ስትነሳ መጋለብ፤ ስትጋልብ ደግሞ መመለስ። የዘንባባውና የባሕሩ ውበት ዓይኗ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅላትም።

የደሴቲቱ ከተማ የረምላ የብሔራዊ ዘብ አዛዥ መርዋን፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከውኃው ሲወጣ አያት።

«ኢንስፔክተር ነዚሃ፣ ዕረፍት ላይ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ምን አገኛችሁ?»

«ነገሩ ግልጽ ነው። ትናንት ማታ የፀሐይ መጥለቂያውን ልታይ ወጣች፤ ነፋሱን ያውቁታል፤ ገፍቶ ጣላት። ጭንቅላቷን ድንጋዩ መታት፣ ሰመጠች። ከተሜ ሁሉ ብስክሌት ተከራይቶ ይመጣና እኛን ሥራ ያበዛብናል።»

«ከተሜ አይደለችም። የመሐል አገር፣ የቃስሪን ልጅ ናት፤ ነርስ። ብስክሌቱም የራሷ ነው።»

ነዚሃ ወደ አስከሬኑ ወረደች። በመርከቡ ላይ የተዋወቀቻት፣ እራት አብራት የበላች ሴት ናት፤ ሆኖም ዓይኗን አላሸሸችም። ሲሀም ጥቁር ሰማያዊ የወንድ ጃኬት ለብሳለች። እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል። የቀኙ ክርን ተቀዶ ኖሮ፣ በአረንጓዴ ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ትናንት ጠዋት ከእንግዳ ማረፊያው ስትወጣ የለበሰችው ግን ስስ ቢጫ ሸሚዝ ነበር፤ ሻንጣ አልያዘችም።

ብስክሌቱ ድልድዩ ጠርዝ ላይ፣ የፊት ጎማው ወደ ምዕራብ ዞሮ ወድቋል። ነዚሃ ቁጢጥ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ካቴናው ከፊት በትልቁ፣ ከኋላ በትንሹ ጥርሳም ክብ ላይ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ማርሽ። በጥርሶቹ መካከል የገባ ነገር በጥፍሯ ሳብ አደረገች፤ እርጥብ የጆንያ ክር።

«መርዋን፣ ይህን ብስክሌት ማንም እንዳይነካው። ፔዳሉን በተለይ።»

«ለምን?»

«እስካሁን እሷ እንደተወችው ስለሆነ።»

* * *

ከሁለት ቀን በፊት፣ መርከቡ ላይ፣ ከብስክሌት ጋር የተሳፈሩት ሴቶች እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ብቻሽን ነሽ?» አለቻት ሲሀም።

«ብቻዬን። አንቺስ?»

«እኔም። ባል የለሽም?»

«ነበረኝ። ሥራዬ ጣውንት ሆነበት።»

ሲሀም ከልቧ ሳቀች። ነገር ግን ሰው ሁሉ ነፋስ ሊቀበል ወደ ላይ ሲወጣ፣ እሷ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ የመቀመጫውን ብረት ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ተጓዘች። «ባሕር አልወድም» አለች፤ «እንደ መሬት መስሎ መሬት አለመሆኑ ያስጠላኛል።»

«ታዲያ ደሴት ላይ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«መሐል መሐሉን ልጋልብበት ነዋ!»

ሁለቱም ያረፉት ረምላ ዳር፣ ሰው በአክብሮት «ላላ» ሙኒራ የሚላት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው። የዚያን ዕለት እራት ላይ፣ በአክብሮት «ሲ» የሚባለው ተይብ መጣ። ሲ ተይብ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ አታያ ወደብ፣ የበረዶ መጋዘን ያለው፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ሙኒራ ዓሣና በረዶ የምትገዛው ከእሱ ነው። በረዶውን በጆንያና በአሮጌ ሹራብ ጠቅልሎ ከፒክአፑ አወረደ። ሲሀም መዳፏን በረዶው ላይ አሳረፈች።

«ሲ ተይብ፣ ይህ በረዶ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከኔ መጋዘን ነዋ ልጄ! እኔ ባልኖር በዚች ደሴት ዓሣው ይሸታል፤ ቀጥሎም ሰዉ።»

ሁሉም ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች፤ መዳፏን ግን እስኪቀላ ድረስ አላነሳችም። ከዚያ ወደ ጀለል ዞረች። ጀለል የሙኒራ የባሏ ወንድም ነው፤ ፊቱን ጨው የበላው ዓሣ አጥማጅ።

«ጀለል፣ በጀልባህ ሰው ጭነህ ታውቃለህ?»

«የምን ሰው?»

«በድብቅ ወደዚያ ማዶ፣ ወደ ፈረንጅ አገር የሚሻገር።»

ጀለል ማንኪያውን ወረወረው። «ምን ማለትሽ ነው? ልትሰልይ ነው የመጣሽው? ሙኒራ፣ እንግዳሽን አፏን አስይዢልኝ!» ብሎ ኩስኩሱን ጥሎ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ነዚሃ የኋላ መብራቷ መርከቡ ላይ ተሰንጥቆ እንደነበር አወቀች። ሲሀም የራሷን ፈታ፣ ሳታስፈቅድ የነዚሃ ብስክሌት ላይ አሰረችላት። «አንቺ እስኪጨልም መጋለብሽ አይቀርም፤ ያስታውቅብሻል። እኔ በጊዜ እመለሳለሁ።» ከዚያ ወጣች፤ ወዴት እንደዞረች ግን ነዚሃ አላየችም። ነዚሃ ራሷ ያን ቀን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አሮጌው ምሽግ ነበር የሄደችው። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ደረቷን እየገፋ፣ በመጨረሻው ቀላል ማርሽ እንኳ እግሯ እየተንቀጠቀጠ። ምሽጉ ደርሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ተነሳች። ስትመለስ ነፋሱ ጀርባዋን ይዞ ወረወራት።

ሲሀም ሳትመለስ መሸ።

* * *

«ነፋሱ ነው እህቴ፣ ሌላ ምን ይሆናል?» አለች ላላ ሙኒራ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ እጆቿ ግን ቲማቲም መክተፋቸውን አላቆሙም። «ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ‹የፀሐይ መጥለቂያውን ከድልድዩ እዩ› እላለሁ። ለሷም ብያት ነበር። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«እሺ አለችሽ?»

«ራሷን ነቀነቀች።»

«እሺ ብላ ወይስ እንቢ ብላ?»

ሙኒራ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ላስበው… እንቢ ብላ። ‹ግራ ቀኙ ባሕር ነው› አለች።»

«ትናንት መኪናሽን ነድተሻል?»

«የትኛውን መኪና? ባትሪው ከሞተ ሰነበተ። አንቺ አይደለሽም እንዴ የመጣሽ ዕለት ከጀለል ጋር ስትገፊው የነበርሽው? አልነሳ ብሎ እዚያው ቆሟል።»

«ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ምንም የለም።»

ነዚሃ አልተነሳችም።

«ፎቶ አሳይታኝ ነበር» አለች ሙኒራ በመጨረሻ። «አንድ ልጅ እግር። ‹ወንድሜ ነው፣ አይተሽው ታውቂያለሽ?› አለችኝ። አላውቀውም፤ በልጆቼ እምላለሁ አላውቀውም። አሳዘነችኝና… ለሰው ነገርኩላት። ይረዳት እንደሆነ ብዬ።»

«ለማን?»

«ለሲ ተይብ። እሱ የማያውቀው ሰው የለማ!»

ጀለል ባሕሩ ዳር፣ ዓሣ ማጥመጃ አጥር የሚሆን የዘንባባ ዝንጣፊ ሲያስር ተገኘ። ገና ሳትጠይቀው ጀመረ።

«እኔ ገደልኳት ልትይ ነው የመጣሽው፤ በይ!»

«ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበርክ?»

«ባሕር ላይ።»

«ከማን ጋር?»

«ከዓሦቹ ጋር።»

«ዓሦቹ መሐላ አይምሉም፤ ሌላ ምስክር አምጣ።»

ጀለል ሳይወድ በግድ አፉ ጫፍ ላይ ሳቅ መጣበት፤ ወዲያው መልሶ ዋጠው። «የተከለከለውን መረብ እየጎተትኩ ነበር። የባሕሩን ወለል የሚጠርገውን። እሰሪኝ ከፈለግሽ። ከኔ ጋር የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን ለመርዋን እሰጠዋለሁ። ሰው ግን ጭኜ አላውቅም። የጠየቀችኝ ዕለት የተናደድኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እነዚያ ባሕር የሚሻገሩ ልጆች ሲሰምጡ የሚገኙት እኛ መረብ ውስጥ ነው። አንዱን በዚህ እጄ አውጥቼዋለሁ። ጫማ አልነበረውም።»

«መኪና ትነዳለህ?»

«አህያም አልነዳ።»

* * *

ከሰዓት በፊት ነፋሱ እንደገና ከምዕራብ ተነሳ። ነዚሃ ወደ አታያ ስትጋልብ ከኋላዋ ገፋት፤ ሳታስበው ጣቷ ማርሹን አከበደው፣ እንደገና አከበደው፣ በመጨረሻም ካቴናው ከፊት ትልቁ፣ ከኋላ ትንሹ ጥርስ ላይ ዐረፈ። ወደ ታች አየችና ፔዳሉን አቆመች። መንገዱ ዳር ወርዳ፣ ብስክሌቷን ይዛ፣ ካቴናውን እንደገና አየችው። ከዚያ ቀጠለች።

ሲ ተይብ መጋዘኑ በር ላይ በረዶ ሲጭን ነበር። እንዳያት እጁን በሸሚዙ ጠርጎ ወንበር አመጣላት፣ ቀዝቃዛ የሎሚ ውኃ ሰጣት።

«አላህ ይማራት» አለ ከልቡ ያዘነ መስሎ። «ልጅ ናት እኮ። የኔ ትልቋ ልጅ እኩያ።»

«በመጨረሻ ያያት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«ምነው ባላየኋት! መርከቡ ወደሚቆምበት በረዶ ላደርስ ስሄድ ድልድዩ ላይ አልፌያት ሄድኩ። ጨልሞ ነበር። ቀይ የኋላ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለ ከሩቅ አየሁት። ጥሩምባ ነፋሁላት፤ እጇን አወዛወዘችልኝ። ‹ልጄ ተመለሺ፣ ነፋስ ነው› ልላት ነበር፤ ሰው ደግሞ ‹ይህ ሽማግሌ ምን ይፈልጋል› ይላል ብዬ አለፍኩ። እስቲ አሁን ምን ይባላል?»

«ቀይ መብራት።»

«ቀይ። አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።»

ነዚሃ የሎሚውን ውኃ እስከ መጨረሻው ጠጣች። «እዚህ መጋዘን መጥታ ነበር?»

«እዚህ? በፍጹም! እዚህ ምን ጉዳይ አላት?»

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ቅዝቃዜው እግሯ ድረስ መጣ። በረዶዎቹ እንዳይቀልጡ ተሸፍነዋል፤ በጆንያ፣ ከጆንያው በላይ ደግሞ በአሮጌ ልብስ፤ ሹራብ፣ የስፖርት ሱሪ፣ ኮፍያ ያለው ካፖርት። ሁሉም የወጣት ልብስ ነው።

«ልብሱ ከየት ነው ሲ ተይብ?»

«ከሰልባጅ ነጋዴ። ርካሽ ነው፤ በረዶ ደግሞ ፋሽን አያውቅም» ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀችለት። ስትመለስ ነፋሱ ፊቷን ሲመታት፣ ድካሙ ጠቀማት፤ እግሯ ሥራ ባያገኝ ኖሮ ወዲያው ተመልሳ አንገቱን ባነቀችው ነበር።

* * *

የሲሀም እናት መብሩካ ትባላለች። ሞቱን መርዋን አስቀድሞ በስልክ ነግሯት ነበር። ስልኩን ስታነሳ ድምጿ የደረቀ ነው፤ ያለቀሰ ሰው ድምፅ።

«እናቴ፣ ነዚሃ እባላለሁ። ፖሊስ ነኝ። ከሲሀም ጋር አብረን እራት በልተናል።»

«በልታለች?»

«በልታለች።»

«ይመስገን።»

ነዚሃ ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰማያዊ ጃኬት፣ የወንድ፣ ክርኑ…»

«በአረንጓዴ ክር የተሰፋ» አለች መብሩካ።

«ሰማያዊ ክር አጣሁ» ብላ ቀጠለች። «ራምዚ ‹እማ፣ ሰው ይስቅብኛል› አለኝ። ‹የሚስቅብህ የራሱን ያሳይህ› አልኩት። እሱን ለብሶ ነው የወጣው። እውነት ነው የምትነግሪኝ ወይስ እያበድኩ ነው? ጃኬቱን የት አገኛችሁት? ልጄስ?»

«ጃኬቱን ሲሀም ለብሳዋለች። ራምዚ መቼ ነው የሄደው?»

«ሐምሌ ላይ፣ አገሩ በሙቀት በሚፋጅበት ወር፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ቀን ከቀርቀና ደወለ። ‹እማ፣ ክፍል ውስጥ ዘግተውብን ጀልባ እየጠበቅን ነው፤ በሐምሌ በርዶኛል፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እኔ ነገሩን የፍርሃት መስሎኝ ነበር። ሲሀም ግን ‹እማ፣ በሐምሌ የሚበርድ ክፍል አንድ ዓይነት ብቻ ነው› አለች። ‹ለዕረፍት ነው የምሄደው፣ ብስክሌት ልጋልብ› ብላ ወጣች። እንደዋሸችኝ አውቃለሁ። ባሕር እንደምትፈራም አውቃለሁ። ለምን አላስቀረኋትም?»

ነዚሃ ስልኩን ዘጋች። ወዲያው ስፋክስ፣ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ጋ ደወለች። ሐኪሙ የተናገረው አጭር ነው። ካዳመጠችው በኋላ መርዋንን ጠራችው።

«ሰዎችህን ወደ መጋዘኑ ላክ። እኔ ሲ ተይብን እራት እጋብዘዋለሁ።»

* * *

በሙኒራ ግቢ፣ የወይን ዳሱ ሥር ተሰበሰቡ። ሙኒራ ጠረጴዛውን ያለምንም ምግብ አቀረበችው። ጀለል እግሩን አጣምሮ ግድግዳውን ተደግፏል። ሲ ተይብ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ ለሟቿ ተሰብስበው ቁርዓን ሊያስነብቡላት ይገባል እያለ ነበር። መርዋን በሩ አጠገብ ቆመ። ነዚሃ መቀመጥ አልቻለችም፤ በወንበሮቹ መካከል ወዲህ ወዲያ ትላለች።

«ሲሀም ወደ ድልድዩ ጋልባ፣ ነፋስ ጥሏት ሞተች ተብሏል» አለች። «እኔ ግን ወደ ድልድዩ አልጋለበችም እላለሁ። አንደኛ፣ ባሕር ትፈራ ነበር። መርከቡ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነው የመጣችው። ለሙኒራም ‹ግራ ቀኙ ባሕር ነው› ብላ እንቢ ብላለች። እንዲህ ያለች ሴት ብቻዋን፣ በነፋስ፣ ባሕር መሐል መንገድ ላይ ምን ልትሠራ ትሄዳለች?»

«ሰው ሐሳቡን ይለውጣል» አለ ሲ ተይብ በለሆሳስ።

«ይለውጣል። ብስክሌት ግን አይለውጥም። ማርሽ ፔዳል ካልመቱት ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሰው ብስክሌቱን ጋልቦ ሲያቆም፣ የመጨረሻው ማርሽ እዚያው ይቀራል። የሲሀም ብስክሌት ከሁሉም በከበደው ማርሽ ላይ ነበር። ትናንት ቀኑን ሙሉ ነፋሱ ከምዕራብ ነው፤ ድልድዩም ያለው በምዕራብ በኩል ነው። እኔ ወደ ምዕራብ ስሄድ በቀላሉ ማርሽ እንኳ እግሬ ተብረክርኳል። በከባዱ ማርሽ ወደ ድልድዩ ልትሄድ የምትችል ሴት አልተፈጠረችም። እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ፔዳሉን ስትመታ ነፋሱ ከኋላዋ ነበር። ወደ ምሥራቅ ነበር የምትጋልበው፤ ወደ አታያ።»

ጀለል ከግድግዳው ራቅ አለ።

«ብስክሌቱስ ድልድዩ ላይ እንዴት ተገኘ?» አለች ሙኒራ።

«ተጭኖ መጣ። እሷም እንዲሁ። ጥርሶቹ መሐል የጆንያ ክር ገብቶ ነበር፤ ብስክሌቱ በጆንያ ተሸፍኖ ነበር። የጫነው ሰው መኪና አለው። የሙኒራ መኪና ቆሟል፤ ጀለል መንዳት አያውቅም፣ ደግሞም ባሕር ላይ አብረውት የነበሩት ሰዎች ለመርዋን ቃላቸውን ሰጥተዋል። ብስክሌት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ማርሹን አይቶ ባቀለለው ነበር። ስለዚህ መኪና ያለው፣ ብስክሌት የማያውቅ ሰው ነው።»

«በዚች ደሴት መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ሆንኩ እንዴ?» ሲ ተይብ ወደ ሌሎቹ ዞሮ ሳቀ። አብሮት የሳቀ የለም።

«አይደሉም። መብራቷን ያዩት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አይቻለሁ! ቀይ መብራት!»

ነዚሃ ከኪሷ ትንሿን መብራት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። «ይህቺ ናት የሲሀም መብራት። ትናንት ጠዋት ፈትታ ለእኔ ሰጠችኝ። ቀኑን ሙሉ ከኔ ጋር ነበረች። ሲሀም ትናንት መብራት የሌለው ብስክሌት ነው የያዘችው። ሲ ተይብ፣ ያላዩትን ያዩት ለምንድን ነው?»

የሲ ተይብ ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ግን ሰውየው ሄዷል።

«ምናልባት… የሌላ ሰው ይሆናል። በጨለማ…»

«እጇን አወዛወዘችልኝ ብለዋል። ይቅር፤ ይህን እንተወው። አስከሬኗ ላይ ጃኬት ነበር። ጠዋት ስትወጣ አልያዘችውም። ያ ጃኬት የወንድሟ የራምዚ ነው፤ እናቱ በአረንጓዴ ክር ሰፍታዋለች። ራምዚ ከዚህ ደሴት ጀልባ ሳይሳፈር እናቱ ጋ ደውሎ ‹በሐምሌ በርዶኛል› ብሏታል። ሲሀም የመጣችው ለዕረፍት አይደለም። በሐምሌ የሚበርደውን ክፍል ልትፈልግ ነው። ትናንት አገኘችው። የወንድሟ ጃኬት በረዶ ተሸፍኖበት ነበር። አነሳችው፤ ለበሰችው። ያ ክፍል የማን እንደሆነ ልናገር ወይስ አንተ ትናገራለህ?»

ሙኒራ «አንተ» የሚለውን ስትሰማ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ሲ ተይብም ሰምቶታል። ዓይኑን ወደ ወይኑ ቅጠል አነሳ።

«ጃኬቱ የራሷ መስሎኝ ነበር» አለ።

ነዚሃ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ከኋላ ገብታ አገኘኋት። ‹የት አሉ?› አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ? እኔ ቤት ብቻ ነው የሰጠሁት፤ ጀልባው የኔ አይደለም፣ ባሕሩም የኔ አይደለም። የጀልባው ሰዎች ‹ሻንጣ አይጫንም፣ እንልክላችኋለን› ብለው ልብሳቸውን አስጣሏቸው፤ እኔ ጋ ቀረ። ልጮህ ነው አለች። ያዝኳት። ወደቀችና የበሩ ብረት… ሞታ ነበር። ወላሂ ሞታ ነበር። እኔ ነፍስ አላጠፋሁም፤ የሞተ ሰው ነው የወሰድኩት።»

«አልሞተችም ነበር» አለች ነዚሃ።

ሲ ተይብ ቀና አለ።

«ሐኪሙ ነግሮኛል። ሳንባዋ ባሕር ሞልቶበታል። ውኃው ውስጥ ስትጥላት ትተነፍስ ነበር። ከአታያ ወደ ድልድዩ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በረምላ ሐኪም ቤት በር ላይ ነው የሚያልፈው። አልፈኸው ሄድክ።»

መርዋን ሊይዘው ሲቀርብ፣ ሲ ተይብ እጆቹን ራሱ ዘረጋ። ጀለል በአጠገቡ ሲያልፍ ምራቁን ሊተፋ አሰበና ተወው። ሙኒራ ግን በሩ ድረስ ተከተለችው።

«እንድትረዳት ብዬ ነው የነገርኩህ!» አለችው። «እንድትረዳት ብዬ!»

* * *

መብሩካ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በመጣው መርከብ ደረሰች። በሕይወቷ ባሕር አይታ የማታውቅ፣ አጭርና ጠንካራ ሴት ናት። የሲሀምን አስከሬን ስፋክስ ላይ አይታ፣ ግንባሯን ስማ ነው የተሻገረችው። ነዚሃ ወደብ ላይ ስትቀበላት፣ ወደ እንግዳ ማረፊያው አልሄድም አለች።

«ልጄ የገባችበት ልግባ።»

በመጋዘኑ ውስጥ የመርዋን ሰዎች ልብሱን ሁሉ ከበረዶው ላይ አንስተው ወለሉ ላይ በተርታ ዘርግተውት ነበር። ሹራብ፣ ሱሪ፣ ኮፍያ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፤ አንዲት ሮዝ የሕፃን ጃኬትም። መብሩካ ራምዚ በሕይወት አለ ወይ ብላ አልጠየቀችም። በተርታው መካከል ቀስ ብላ ሄደች። እያንዳንዱ ጋ ቆም እያለች፣ አንዳንዱን ጎንበስ ብላ ስፌቱን በጣቷ እየነካች። ነዚሃ ከኋላዋ ነበረች። የመጣችበትን ዕረፍት ሁሉ ያሳጣት መቅበጥበጥ አሁንም እግሯ ውስጥ ነበር፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ አወቀችው።

ሮዟ ጃኬት ጋ ስትደርስ ቆመች። ቁልፏ አንዱ ተቀይሮ፣ ከሌሎቹ የማይመሳሰል ትልቅ ነጭ ቁልፍ ተተክሎበታል።

«የዚህች እናት ታውቃለች?»

«እስካሁን አታውቅም።»

«የሌሎቹስ?»

«አያውቁም እናቴ።»

መብሩካ ወለሉ ላይ፣ ከቅዝቃዜው ሳትሸሽ ተቀመጠች። ጃኬቷን አንስታ ጭኗ ላይ አጣጠፈቻት፤ ቀጥሎ ያለውን ሹራብ ሳበች።

«እንግዲያው ቁጭ በይ» አለቻት ነዚሃን። «አንድ በአንድ እንያቸው። የሰፋው ሰው ስፌቱን ያውቀዋል።»